ቆጥሬባታለሁ ይላል

«አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ቆጥሬባታለሁ ይላል።»

ይህን ያለችው ጸሐፊዋ ነበረች። የሰማችው ደግሞ የተባለባት ሴት ራሷ ናት፤ የሆቴሉ የአንሶላና የፎጣ ክፍል ኃላፊ። ታጥቦ የተተኮሰ መጋረጃ በሁለት ክንዷ ታቅፋ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ በር በክርኗ ልትገፋ ስትል ነው ድምፁ የደረሳት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በክፍተቱ የጸሐፊዋ ጀርባና የተከፈተ ፋይል፣ ከጠረጴዛው ማዶ ደግሞ የአዲሱ ሥራ አስኪያጅ ክርኖች ይታያሉ። ሰውየው ሆቴሉ ለአዲስ ባለቤት ከተሸጠ ወዲህ ከመኪና መለዋወጫ መደብር ተዛውሮ የመጣ፣ ገና አርባ ያልሞላው፣ ክፉ ያልሆነ ግን ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው። እንግሊዝኛው ከፍሬን ሸራና ከፍሪሲዮን አይዘልም፤ ይህንንም አይደብቅም። ስለዚህ ፈረንጁ ዳይሬክተር ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት ስለ እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ በእጁ ጽፎ የተወውን ደብዳቤ ጸሐፊዋ ከጠዋት ጀምራ እየተረጎመች ታነብለታለች። ማን ባለበት ይቆያል፣ ማን ይዛወራል የሚለው የሚወሰነው በዚያ ነው።

«ምኑን ነው የሚቆጥርባት?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ዕቃውን ነዋ። አንሶላውን፣ ፎጣውን። ካውንትድ ኦን ኸር ነው የሚለው። ካውንት መቁጠር ነው፣ ኦን ላይ ነው። እላይዋ ላይ እቆጥር ነበር ማለቱ ነው።»

«አስራ አንድ ዓመት?»

«ሙሉውን። ከዚያ ደግሞ...» ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። «አንድም ቀን ወደ ታች እንድወርድ ፈቅዳልኝ አታውቅም ይላል።»

«ወደ ታች የት?»

«ዕቃ ቤቱ ምድር ቤት አይደል እንዴ?»

የሥራ አስኪያጁ ክርኖች ከጠረጴዛው ላይ ተነሱ። «ጨዋ ሰው ነው» አለ። «ሌባ ናት ብሎ መጻፍ ከብዶት ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነገረን። እንግዲህ ቁልፉን ለሌላ ሰው እንሰጣለን። እሷ ወደ እጥበቱ ትዛወር። በዚህ ዕድሜዋ ማባረሩ ነውር ነው።»

ሴትዮዋ አልገባችም። መጋረጃውን ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ላይ እጥፋቱ እንዳይበላሽ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ደረጃውን ወረደች። ጉልበቷ እንጂ ልቧ የተመታ አይመስልም ነበር፤ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ አንድ አንድ ደረጃ እየረገጠች፣ ሽንት ቤት አጣቢው «እንደምን አደሩ እትዬ» ሲላት «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለች ነው የወረደችው። ምድር ቤቱ ውስጥ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ግን የት እንደምትቆም ጠፋት። በገዛ ክፍሏ ውስጥ እንግዳ ሆነች።

ክፍሉ መስኮት የለውም። በሦስቱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ በቀኝ አንሶላ፣ በግራ ፎጣ፣ ፊት ለፊት ብርድ ልብስና የትራስ ልብስ፤ እጥፋታቸው ሁሉ ወደ ፊት የዞረ፣ በመዳፍ ቢዳሰስ አንድ ወጥ ግድግዳ የሚመስል። የሳሙናና የካውያ ሽታ አለው። በሩ አጠገብ ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የክፍል አጽጂዎቹ ጠዋት የወሰዱትንና ማታ የመለሱትን የምትመዘግብበት ደብተር ተቀምጧል። መቁጠር የእሷ እንጀራ ነው። ሌላው ይሳሳታል፣ እሷ ትቆጥራለች፤ ሁለት የትራስ ልብስ ጎድሎ ከሆነ ከየትኛው ፎቅ እንደጎደለ ሳትጠይቅ ታውቃለች። አሁን ግን ከእሷ ኋላ ሌላ ቆጣሪ ነበረ ተባለ። አስራ አንድ ዓመት።

ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፈረንጁን ማስታወስ ጀመረች። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ይወርድ ነበር። በሩ ላይ ይቆምና መደርደሪያዎቹን ከላይ እስከ ታች ያያል፤ ከዚያ አንገቱን ነቅንቆ «ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» ይላል፤ ከእኛ ቋንቋ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነበር። እሷ ሁልጊዜ ሰውየው ክፍሉን ሲያይ ደስ ስለሚለው የሚመጣ ይመስላት ነበር፤ ላይ ጭቅጭቅ፣ የእንግዳ ስሞታ፣ የቧንቧ መፍሰስ ሲያሰለቸው አንድ ነገር በቦታው ያለበትን ለማየት። አሁን ግን ያ ፊት ተቀየረባት። መደርደሪያውን ሲያይ ከንፈሩ አይንቀሳቀስም ነበር? ይንቀሳቀስ የነበረ መሰላት። አንድ ጊዜ ጣቱን ወደ ፎጣዎቹ ዘርግቶ ነበር። ያኔ ንጣታቸውን ያደነቀ መስሏት ፈገግ ብላለት ነበር። ፈገግታዋን ባስታወሰች ጊዜ ፊቷ ጋለ።

ባለካውያዋ የትራስ ልብስ ክምር ተሸክማ ገባች። ከጎን ባለው ክፍል ስትተኩስ የምትውል፣ ወፍራም፣ አፏ የማያርፍ፣ ዘጠኝ ዓመት አብራት የሠራች ሴት ናት።

«ምነው ፊትሽ እንደ ጨርቅ ነጣ?»

የአንሶላ ክፍሏ ሴት ምንም አልሆንኩም ልትል አስባ ሁሉንም ነገረቻት። ባለካውያዋ ክምሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ወገቧን ያዘች።

«አንቺ ሌባ ከሆንሽ እኔ ምን ልባል ነው? በሕይወቴ ሙሉ የሰረቅሁት አንድ ነገር ቢኖር የሆቴሉን ሳሙና ነው፤ እሱንም አንቺ ይዘሽ አስመልሰሽኛል። ውጪና ጠይቂያቸው።»

«ምን ብዬ? በር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ ብዬ?»

«ታዲያ ዝም ልትዪ ነው?»

ዝም አላለችም፤ ግን የባሰውን አደረገች። ደብተሩን ከፈተችና ከላይኛው መደርደሪያ ጀምራ ቆጠረች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈጀባት። መሰላሉን እያዛወረች፣ ባለካውያዋ ከታች እርሳስ ይዛ እየጻፈች፣ አንሶላውን በነጠላና በድርብ፣ ፎጣውን የፊትና የገላ፣ የተቀደደውን ሳይቀር ለብቻ ለይታ ቆጠረችው። አንዲት ክር አልጎደለም። ይህ ሊያስደስታት ሲገባ አስቀየማት፤ ሙሉነቱን የሚያይላት ሰው አልነበረማ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዝርዝሩን በጥሩ ጽሕፈት ገልብጣ ፈረመችበት፣ ሽርጧን አውልቃ አጣጠፈች፣ ቁልፉን ከአንገቷ ክር ፈትታ ወደ ላይ ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ ስልክ ይዞ ነበር። ስልኩን እስኪዘጋ ቆማ ጠበቀችና ዝርዝሩንና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ዕቃው ይኸው። ተቆጥሯል። የሚረከበኝ ሰው ደግሞ ይቁጠረው።»

ሰውየው ደነገጠ፤ እንዴት ሰማች ብሎ ይሆናል፣ ወይም እሱ ሊያደርገው የከበደውን ነገር እሷ ስላቀለለችለት። «ቁጭ ይበሉ እንጂ እትዬ» አለ። «ማን ምን አለዎት?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ደክሞኛል።»

«ሰኞ ስለ እጥበቱ ሥራ እንነጋገራለን። ደመወዝዎ አይነካም፤ እሱን ቃል እገባለሁ።» ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገና አንድ ወረቀት አወጣ። «ይህን ይውሰዱት። ፈረንጁ ስለ እርስዎ የጻፈው ነው። ኮፒው እኛ ጋ ይቀራል።» ወረቀቱን ሲሰጣት ዓይኗን አላያትም። እጁ ላይ ያለው ኀዘኔታ ከስድብ ይልቅ አመማት።

ውጪ ፀሐዩ ከረር ብሏል። ብርቱካን ሻጯ ከሆቴሉ አጥር ጥግ እንደወትሮዋ ተቀምጣለች። «ዛሬ በጊዜ ወጣሽ» አለቻት፤ እሷም «እንዲያው» አለች። ዋጋ ጠየቀች፤ ኪሎው ሰማንያ ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ስልሳ አልነበረም ወይ ስትላት፣ ሻጯ መኪናው ነው፣ ነዳጁ ነው፣ መንገዱ ነው አለች። ግማሽ ኪሎ ገዛች። ብርቱካን አላማራትም ነበር፤ በዚያ ሰዓት ባዶ እጇን ቤት መግባት ግን ከሥራ የተባረረች ያስመስላታል።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ገለጠችው። የፈረንጁ ጽሕፈት የዶሮ ጭረት ይመስላል። ከልጅነት ትምህርቷ የተረፋት የእንግሊዝኛ ፊደሉና ጥቂት ቃላት ናቸው፤ ካውንት የሚለውን ግን ለየችው። አንደኛ ደረጃ ሳለች «ከአንድ እስከ መቶ ቁጠሩ» የሚለው ትእዛዝ በእሱ ነበር የሚጀምረው። አለ። በግልጽ አለ። ወረቀቱን ልታጥፍ ስትል የጸሐፊዋ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ትዝ አላት፤ አንድም ቀን ወደ ታች እንድወርድ ፈቅዳልኝ አታውቅም። ይህ እንዴት ይሆናል? ሰውየው ሐሙስ ሐሙስ ይወርድ ነበር። ሐሙስ ያልወረደው ሲታመም ወይም አገሩ ሲሄድ ብቻ ነው። ሊያማት ይችላል፣ ሊጠረጥራት ይችላል፤ ሰው ነው። ግን ይህን የሚያህል ቅጥፈት በገዛ እጁ ጽፎ ይፈርማል? ለአንድ ሰባራ ብርጭቆ እንግዳ ፊት ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነበር። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሐሰት ከሆነ ሌላውስ?

ከፌርማታው ማዶ «ትርጉም፣ ኮፒ፣ ፎቶግራፍ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሱቅ ነበር። ገባች። ልጅ እግሩ ባለሱቅ ወረቀቱን አየት አደረገና ገጹ ሦስት መቶ ነው፣ የሚደርሰው ማክሰኞ ነው፣ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ ደግሞ ጭማሪ አለው አላት። የሚያስፈልገኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው አለችው። በዓረፍተ ነገር አንሠራም አላት። ወጥታ የሱቁ ደረጃ ላይ ቆመች። በዚህች ከተማ ይህን ወረቀት እንደ ውኃ ጠጥቶ የሚነግራት፣ የማትከፍለው፣ የማትጠራጠረው አንድ ሰው እንዳለ ከጠዋት ጀምሮ ታውቅ ነበር። ያን ሰው ግን ካነጋገረችው አራት ዓመት አልፎታል።

ታላቅ ወንድሟ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮ ጡረታ የወጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» የሚለው። እናታቸው ታማ በተኛችበት በመጨረሻው ወር ላይ፣ እሷ ሌት ተቀን ስታስታምም ቆይታ እግሯ አልታዘዝ ሲላት፣ «ቅዳሜን በኔ ጣይው፤ በጠዋት መጥቼ እስከ ማታ እኔ እሆናለሁ፤ አንቺ ጎረቤት ሄደሽ ተኚ» ብሏት ነበር። ቅዳሜ አልመጣም። ስልኩም አይነሳም። እናታቸው በዚያን ቀን አስር ሰዓት ላይ አረፈች። በቀብሩ ቀን ከሰው ኋላ ቆሞ አየችው። ለምን አልመጣህም አላለችውም፣ እሱም ለምን እንዳልመጣ አልተናገረም። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲጠይቃት «ደህና ነው መሰለኝ» ትላለች።

በሩን የከፈተው ራሱ ነው። ሸብቷል፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተበልቷል። መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ በእጇ ያለውን ብርቱካን አየ።

«ሚጣ» አለ። በቤት ስሟ የሚጠራት ሌላ ሰው በዓለም ላይ አልቀረም።

«ሥራ ይዤልህ ነው የመጣሁት» አለችው፤ ሌላ ነገር እንዳይጠብቅ። «አንድ ወረቀት ታነብልኛለህ። ከዚያ እሄዳለሁ።»

አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ጥቁር ሰሌዳ። ተማሪዎች በሰዓት ያስጠናል። ጠረጴዛው ላይ በግማሽ የታረሙ ደብተሮችና ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ መዝገበ ቃላት አለ። ወንበሩን ለቀቀላትና እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን ካደረገ በኋላ ወረቀቱን አንድ ጊዜ በዓይኑ አነበበው፤ ደገመው። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ያልጠበቀችው ነገር ነበር፤ ኩራት የሚመስል።

«ምን ይላል ብለው ነገሩሽ?»

«አስራ አንድ ዓመት ቆጥሬባታለሁ ይላል አሉ። ወደ ታች እንድወርድ ፈቅዳልኝ አታውቅም ይላልም አሉ። ቁልፉን አስረክቤ መጣሁ።»

ወንድሟ መሳቅ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ተወው። ተነስቶ ጠመኔ አነሳ፤ ሠላሳ አራት ዓመት የለመደው እጅ ነው። ካውንት የሚለውን ጻፈ። «ይህ ብቻውን ሲቆም መቁጠር ነው። ልክ ናቸው። የእንግሊዝ ግስ ግን እንደ ሰው ነው፤ ከማን ጋር እንደዋለ አይተሽ ነው የምታውቂው።» ከጎኑ ኦን የምትለዋን ትንሽ ቃል ጨመረ። «ይህቺ ስትጠጋው መቁጠሩ ይቀራል። ተማመንኩባት፣ እሷን ተመክቼ ኖርኩ ማለት ነው። ዝናብ የሚፈራ ሰው በጣሪያው እንደሚመካው። የታችኛውም እንደዚሁ ነው፤ ሌት ሚ ዳውን ነው የሚለው፤ መውረድና መውጣት የለበትም። አንድም ቀን አሳፍራኝ፣ ቃሏን አጥፍታብኝ አታውቅም ነው ያለው።» ከዚያ ወረቀቱን አንስቶ ቀስ ብሎ፣ አንድ ባንድ አነበበላት፦ «'አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በእሷ ተማምኜ ኖሬአለሁ፤ አንድም ቀን አላሳፈረችኝም። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ክፍሏ የምወርደው ለሥራ ሳይሆን በዚህ ቤት ውስጥ ልቤ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ነው።' ይላል። እዚህ ሳይደርሱ ነው ማንበባቸውን ያቆሙት።»

እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራ ሰሌዳውን ታያለች። ግማሽ ቀን የተሸከመችው ነገር ወርዶላት፣ ባዶው ቦታ ደግሞ ራሱ ከበዳት። ደግ ሰው በከንቱ ጠልታ ውላለች።

ወንድሟን አስተማሪነቱ ገፋፋው። «በእኛ ቋንቋ ስትፈልጊው ቅርብ ነው። ለሰው 'አይዞህ፣ በኔ ጣለው' እንደምንለው...»

አልጨረሰውም። ጠመኔው እጁ ላይ ቀረ። ሁለቱም ያቺን ቃል መቼ እንዳላት ያውቃሉ። ከውጪ የልጆች ኳስ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማል። ፊቱን ሳያዞር፣ ለሰሌዳው የሚናገር ይመስል፣ «መጥቼ ነበር» አለ።

«የት?»

«እናንተ ጋ። ከመታጠፊያው እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ መጥቼ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ረቡዕ ስመጣ እማዬ 'ይህ ሰው ማነው?' አለችኝ። አንቺ ወጥ ቤት ነበርሽ፤ አልሰማሽም። እኔን፣ የመጀመሪያ ልጇን። ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን እንደዚያ ብላ ስታየኝ ልውል ነው ብዬ ፈራሁ። ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ቁጭ አልኩ። ጥቂት ልረጋጋ ብዬ ነበር፤ እዚያው ዋልኩ። ከዚያ ለቅሶው ተሰማ።»

አራት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ሠርታለት ነበር፤ ግድ የለሽ ነው፣ ሚስቱን ከፈታ ወዲህ ልቡ ደንድኗል፣ ድሮም የእናቱ ልጅ አልነበረም። ፈርቶ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን ቁጣዋ በአንዴ የሚሄድ አልሆነም። ተነሳችና ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች።

«ልጻፍልሽ?» አለ ቶሎ ብሎ። «በጥሩ ተርጉሜ፣ ፈርሜ...»

«ጽሑፍ አልፈልግም። አብረኸኝ ሂድና በአፍህ ንገርልኝ።»

«ሰኞ...»

«አሁን።»

ጠመኔውን አስቀመጠ። በአስር ሰዓት ሁለት ተማሪዎች ይመጡበት ነበር፤ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈላቸው። ካፖርቱን ሲለብስ እጅጌው እምቢ አለውና ሳታስበው ያዘችለት።

ሆቴሉ ሲደርሱ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በምድር ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኙት። ቁልፉ አብራው በቆመችው የፎቅ ተቆጣጣሪ እጅ ነው፤ እሱ እህቲቱ የጻፈችውን ዝርዝር ዘርግቶ ይዟል። ባለካውያዋ እጆቿን አጣምራ እንደ ዘበኛ ከጎን ቆማለች። ወንድሟ ባርኔጣውን አውልቆ ሰላምታ ሰጠ። ማን እንደሆነ ተናገረ፤ ከዚያ ደብዳቤውን ከእህቱ ተቀብሎ ሳይቸኩል፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ መጀመሪያ በእንግሊዝኛው ቀጥሎ በእኛው አነበበው። ጸሐፊዋ ተጠራች። መዝገበ ቃላቱን ከካፖርቱ ኪስ አውጥቶ ገጹን ሲያሳያት ልጅቷ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላች።

«እኔ ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት» አለች።

«እኔም በወጣትነቴ ብዙ ሰው ቃል በቃል ገድያለሁ» አላት ቲቸር። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ ከፈለግሽ ነይ፤ አላስከፍልሽም።»

ሥራ አስኪያጁ ዝርዝሩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ጆሮው ላይ ያለው እፍረት ይታያል፤ ግን ለመሸሽ አልሞከረም። «ግማሹን ቆጥረናል» አለ። «እስካሁን አንድም አልጎደለም። እትዬ፣ ለምን ሳይጠይቁኝ አስረከቡኝ?»

«እርስዎስ ለምን ሳይጠይቁኝ ፈረዱብኝ?»

ባለካውያዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሰውየው ወደ መደርደሪያዎቹ ዞረና የታጠፉትን አንሶላዎች ለረጅም ጊዜ አየ፤ ቁልፉን ከተቆጣጣሪዋ ተቀብሎ ዘረጋላት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ ያደግሁት መለዋወጫ ቤት ነው። እኔ ጋ የማንም ዕቃ በወር አንድ ጊዜ ይቆጠራል፤ የአባቴም ቢሆን።»

«ይቆጠር» አለች ቁልፉን እየተቀበለች። «እኔ ባለሁበት።»

«እርስዎ ባሉበት።»

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን እህትና ወንድም ፌርማታው ላይ ቆመው ነበር። የእሱ አውቶቡስ ቀድሞ መጣ፤ በሩን ከፍቶ ትንሽ ጠበቀና ሄደ። አልተሳፈረም። «ቤትህ በዚያ በኩል ነው» አለችው። «አውቃለሁ» አላት። የእሷ ሲመጣ ከኋላዋ ገባ፤ ትኬት ለሁለት ቆረጠ። መንገዱን ሙሉ ስለ ብርቱካን ዋጋ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ አንድ የድሮ ጎረቤታቸው ሞት ተነጋገሩ። ዳቦ ቤቱን ሲያልፉ አንገቱን ደፋ፤ እሷም ወደ ሌላ በኩል አየችለት።

የእናታቸውን ክፍል ብዙም አልነካችውም። አልጋው ላይ ንጹሕ አንሶላ አለ፤ በየወሩ ትቀይረዋለች፣ ለማን እንደሆነ ግን ራሷንም ጠይቃ አታውቅም። ወንድሟ ደፍ ላይ ቆሞ ቆየና ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሆኖ ተቀመጠ። መስኮቱን ከፈተችለት። የማታው ብርሃን ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ሚጣ» አለ ጥቂት ቆይቶ። «ያን ቀን ጠይቃኝ ነበር?»

ይህን ጥያቄ አራት ዓመት ጠብቃዋለች። መልሱን እንደ ቢላ ስላ ያስቀመጠችው ለዚህ ቀን ነበር፤ ሲጠይቃት ሰክታ የምትተውለት። እናታቸው በዚያ ቅዳሜ አእምሮዋ ጠርቶላት ነበር፤ በስሙ ጠርታ፣ ዓይኗን ከበሩ ላይ ሳትነቅል። አራት ጊዜ ነው የጠየቀችው። እሷም «አይመጣም እማዬ» ብላታለች፤ ሦስተኛው ላይ በቁጣ።

ወንድሟ ወለሉን ያያል። ማጅራቱ ላይ ያለው ፀጉር ባለሙያ ሳይነካው የቆየ፣ ራሱ በመቀስ የቆረጠው ነው።

«ጠይቃሃለች» አለችው። «አልረሳችህም ነበር። በስምህ ነው የጠራችህ። እኔ አይመጣም አልኳት፤ ተናድጄ ነበር። እሷ ግን እምቢ አለች። 'አንቺ አታውቂውም፤ መንገድ ላይ ነው' አለችኝ። እስከ መጨረሻው መንገድ ላይ ነው እንዳለች ነው ያረፈችው።»

ይህን ስትናገር ቢላው የት እንደጠፋ አላወቀችም፤ ድምፅዋ ሌላ ነበር። እሱ መነጽሩን አወለቀ። እያለቀሰ እንደ ልጅነቱ ፊቱን በክንዱ ከለለ።

«እውነቷን ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «መንገድ ላይ ነበርክ፣ ጋሼ።»

ወደ ግድግዳው ጠጋ አለላት፤ እሷም ከአጠገቡ ተቀመጠች።